ለዓመታት የደገፍነውን ሰው “ከእንግዲህ አንደግፍህም” ስንለው

ይሄን የምጽፈው በውጭ አገር የኮሚኒቲ ጋዜጣ ወይም ሬዲዮ ለምታዘጋጁ ወገኖቼ ነው። ምርጫ በመጣ ቁጥር አንድን ፖለቲከኛ ስትደግፉ ኖራችሁ አሁን ግን ሆዳችሁ ከሻከረ፣ እኛ ያለፍንበትን ብታውቁት ይጠቅማችኋል። እኔ የምሠራው በዋሽንግተን ዙሪያ በነጻ በምትታደል አንዲት ትንሽ የአማርኛ ጋዜጣ ላይ ነው። የሰውየውን ስም አልጠራም፣ ወረዳውንም አልናገርም። ዛሬም ወንበሩ ላይ ያለ ሰው ነው፣ እኛም የሚወክለን ነዋሪዎች ነን።

መጀመሪያ ለምን እንደደገፍነው መታወቅ አለበት። ብዙዎቻችን እዚህ አገር ስንመጣ ስለ ፕሬዚዳንቱ እንጂ ስለ አካባቢ ምክር ቤት የምናውቀው ነገር አልነበረም። በራችንን ያንኳኳው እሱ ነው። የታክሲ ሹፌሮች አዲስ ደንብ መጣብን ብለው ሲጨነቁ ስብሰባቸው ላይ ቁጭ ብሎ እስከ እኩለ ሌሊት አዳምጧል። የምግብ ቤት ፈቃድ አልወጣ ብሏቸው ሲንከራተቱ ደብዳቤ ጽፎላቸው ጉዳያቸው ያለቀላቸው ሰዎች አውቃለሁ። በእንቁጣጣሽ በዓል ጋቢ ደርቦ የፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ከባለቤቶቹ ጋር ተቃቅፎ የተነሳው ፎቶ በስንት ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። እኛም ምርጫ ሲደርስ ርዕሰ አንቀጹን ለመጻፍ ብዙ አናስብም ነበር። ውለታ አለብን፣ ውለታችንን በድጋፍ እንከፍላለን፣ በቃ።

እንዲህ ዓይነት ፍቅር በዚህ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት ዋርድ አንድ የሚባለውን የምርጫ ቀጠና ለ16 ዓመት የወከለው ጂም ግራም በሐበሻው ዘንድ በጣም የሚወደድ ሰው ነበር። የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም ጭምር እንዲያገለግሉ መሠረት የጣለውን የ2004ቱን (በፈረንጅ አቆጣጠር) የቋንቋ ሕግ ከገፉት ሰዎች አንዱ ነው። በ2013 ግን የገዛ ምክር ቤቱ በሥነ ምግባር ጉዳይ በድምፅ ብልጫ ገሠጸው። በ2014ቱ ቅድመ ምርጫ (ፓርቲው ዕጩውን በሚለይበት ምርጫ) ደግሞ ብሪያን ናዶ አሸነፈችው። ያኔ ሰዉ “የሠራልንን አንረሳም፣ ይሄኛውን ግን አልወደድንለትም” እያለ ሲከራከር ትዝ ይለኛል። ሁለቱም እውነት ነበር።

የእኛ ሰውዬ ነገር ደግሞ ከዚያም የከበደ ነው። በምንም አልተገሠጸም። ስሙ በክፉ አልተነሳም። ራቀ፣ ይኸው ነው። ለደብዳቤ መልስ የሚሰጠው በየወሩ የሚለዋወጥ የቢሮ ሠራተኛ ሆነ። በዓል ላይ ይመጣል፣ ስብሰባ ላይ ግን የለም። ቅሌት ቢኖር ኖሮ ሥራችን ይቀል ነበር፤ አንባቢ ቅሌትን ይረዳል። ቀስ እያለ የቀዘቀዘን ሰው “ተወው” ማለት ግን ለማስረዳትም፣ ለራስ ለማመንም ይከብዳል። እናንተም የሚገጥማችሁ ምናልባት እንዲህ ዓይነቱ ይሆናል። ስለዚህ የሚያስጮህ ነገር እስኪመጣ አትጠብቁ።

ለእኛ ነገሩ የተገለጠልን አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው። ነዋሪው አብዛኛው የእኛ ሰው ነው፤ የፓርኪንግ ሠራተኞች፣ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞች፣ ልጆቻቸው ያመጧቸው አዛውንቶች። ሊፍቱ ለሳምንታት ቆሟል፣ ኪራይ ጨምሯል፣ ሕንፃው ሊሸጥ ነው የሚባል ወሬም አለ። ነዋሪዎቹ ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ተሰብስበው እኔ ለዘገባ ሄድኩ። ማሽኖቹ እየዞሩ ስለነበር ሰው የሚናገረው እየጮኸ ነው። አንዲት እናት በልጃቸው ክንድ ተደግፈው አምስት ፎቅ በእግራቸው ወርደው መጥተዋል። ከነጠላቸው ሥር ጋዜጣችንን አወጡ። ያለፈው ምርጫ እትም ነው፣ አራት ቦታ ታጥፏል፣ የሰውየው ፎቶ ከላይ ነው።

“ልጄ፣ ይሄንን ሰው ምረጡ ያላችሁን እናንተ አይደላችሁም?” አሉኝ።

“እኛ ነን እማማ” አልኳቸው።

“እኔ እንግሊዝኛ አላውቅ። የማውቀው እናንተ የጻፋችሁትን ነው። ታዲያ ዛሬስ ምን ትላላችሁ?”

ቁጣ የለባቸውም። የምር መልስ ፈልገው ነው የጠየቁኝ። ከዚያ በፊት በአዘጋጅ ክፍላችን “በዚህ ምርጫ ዝም ብለን እንለፈው” የሚል ሐሳብ ነበር። እኔም ወደዚያው አዘንብዬ ነበር። እማማ ከጠየቁኝ በኋላ ግን ዝምታ ምን እንደሚያደርግ አየሁት። የሰጠነው ድጋፍ ዝም ስላልን አይነሳም። እዚያ ነጠላ ሥር ታጥፎ ይቀመጣል፣ ድምፅ መስጫ ቀን ሲደርስ ይወጣል። ትልልቆቹ የእንግሊዝኛ ጋዜጦች ዝም ቢሉ አንባቢያቸው ሌላ መቶ ቦታ ያነባል። የእኛ አንባቢ ግን ብዙውን ጊዜ ያለን እኛው ነን። ስለዚህ በይፋ የሰጠኸውን በይፋ ማንሳት ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬም በዚህ አልደራደርም።

ወደ ቢሮ ተመልሰን መጀመሪያ ያደረግነው ያለፉትን የድጋፍ ርዕሰ አንቀጾቻችንን በሙሉ አውጥተን ጠረጴዛ ላይ መዘርጋት ነው። ይሄን እናንተም አድርጉት፣ ከሁሉም በፊት። ስናነባቸው “የሕዝባችን ወዳጅ”፣ “ባለውለታችን”፣ “ከጎናችን የቆመ” የሚሉ ቃላት ሞልተውባቸዋል። ምን ቢያደርግ እንደምንደግፈው፣ ምን ቢያጎድል እንደምንተወው የሚናገር አንድም መስመር የለም። መለኪያ ያላስቀመጥክበትን ድጋፍ ስታነሳ ደግሞ ሰው ምክንያትህን ይጠራጠራል፣ መጠራጠሩም ትክክል ነው። በኋላ ከመጣብን ጣጣ ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው።

ቀጥሎ መዝገብ ማገላበጥ ነው። ምክር ቤቱ በየጉዳዩ ማን እንዴት ድምፅ እንደሰጠ በነጻ ድረ ገጹ ላይ አለ። ለዘመቻው ማን ስንት ዶላር እንደሰጠውም ለሕዝብ ክፍት ነው። በዲሲ የምርጫ ገንዘብ ቢሮ አለ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ደግሞ የስቴቱ የምርጫ መሥሪያ ቤት ያወጣዋል። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን በወሬና በማስረጃ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው ያለው። እኛ ያገኘነው ሕገወጥ ነገር አይደለም። ስለ ኪራይና ስለ ተከራይ መብት ድምፅ በተሰጠባቸው ቀናት አንዳንዴ የለም፣ አንዳንዴ ደግሞ ለእኛ መድረክ ላይ ከተናገረው ተቃራኒ ድምፅ ሰጥቷል። ይሄን በቀንና በሕግ ቁጥር ዘርዝረን ጻፍን። የዘመቻ ገንዘቡን ግን አየነውና ተውነው። ሕንፃ የሚሠራ ኩባንያ ገንዘብ ስለሰጠ ብቻ ድምፁን ሸጧል ማለት አይቻልም፤ የማታረጋግጡትን ነገር ጠቆም እንኳን አታድርጉ።

ከዚያ በጽሑፍ ጥያቄ ላክንለት። አጫጭር ጥያቄዎች፣ መልስ የምንጠብቅበት ቀን ተጽፎባቸው። እሱ መልስ አልሰጠም። በዚያው ሰሞን ግን ከዘመቻ ቢሮው የፋሲካ የመልካም ምኞት ማስታወቂያ ደረሰን፣ ሙሉ ገጽ። ከዚያ በፊት ሩብ ገጽ ነበር የሚያወጣው። ምናልባት ሁለቱ ነገሮች አይገናኙም፣ ቢሮው ውስጥ ያለው ሰው ስለ ደብዳቤያችን ጭራሽ ላያውቅ ይችላል። ቢሆንም ገንዘቡን አልተቀበልንም። ተቀብለን ብንተወው “በልተው ካዱት” ይባላል፣ ተቀብለን ብንደግፈው “ተገዙ” ይባላል። ለሁለት ወር የማተሚያ ቤት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ነበር፣ መመለሱ አሞናል። እናንተም ስለምትወስኑት ሰው የምርጫ ማስታወቂያ ከመጣላችሁ፣ ውሳኔው እስኪታተም ድረስ ከማንም ወገን አትቀበሉ።

የአዘጋጆቹ ስብሰባ ረጅም ነበር። ጋዜጣዋን የመሠረቱት ጋሼ “የዋለልንን ሰው በአደባባይ አናዋርድ፣ ይለፈን” አሉ። ሌላው ባልደረባችን በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ጊዜ አዲስ አበባ በግል ጋዜጣ ላይ ይሠራ ነበር። ከዚያ ምርጫ በኋላ ብዙ ጋዜጠኞች እንዴት እንደታሰሩ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። “ጋዜጣ መወገን ከጀመረ መመለሻ የለውም፣ ከነጭራሹ ድጋፍ የሚባለውን እንተው” አለ። ይሄ ሐሳቡ ዛሬም ያከራክረናል። እዚህ አገር እንኳን ብዙ ጋዜጦች እየተዉት ነው። ግን የሚተው ሰው መቼ እና እንዴት እንደሚተው ማወቅ አለበት። ዋሽንግተን ፖስት እ.ኤ.አ. በ2024 ለፕሬዚዳንት ዕጩ ድጋፍ መስጠት አቆምኩ ብሎ ያስታወቀው ምርጫው 11 ቀን ሲቀረው ነው። ኤንፒአር የሚባለው የአሜሪካ ሬዲዮ እንደዘገበው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ250,000 በላይ ተመዝጋቢዎች ደንበኝነታቸውን ሰርዘዋል። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ቢሉት ኖሮ እንደ መርህ ይታይላቸው ነበር። በመጨረሻው ሰዓት ሲሆን ሰው ፍርሃት ነው ብሎ ተረጎመው።

እኛ የወሰንነው ድጋፋችንን አንስተን ምክንያቱን ለመጻፍ፣ እሱን የምትፎካከረውን ሴት ግን ላለመደገፍ ነው። ስለ እሷ በቂ አናውቅም ነበር። አንዱን ስትተው ሌላውን የግድ መያዝ ያለብህ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፣ ግዴታ የለም።

ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ነገር ልንገራችሁ፣ እነዚህ ቀልድ አይደሉም። አንደኛ፣ ድርጅታችሁ ፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ በሚባለው ሕግ በበጎ አድራጎት የተመዘገበ ከሆነ ተወዳዳሪን መደገፍም መቃወምም አይፈቀድላችሁም። ክልከላው እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ያለ ነው፣ ከግብር ነጻ መብታችሁን ሊያሳጣችሁ ይችላል። ብዙ የኮሚኒቲ ሬዲዮዎች በዚህ መልክ የተመዘገቡ ናቸው። እንዲህ ከሆናችሁ ርዕሰ አንቀጹን ትታችሁ ለሁሉም ተወዳዳሪዎች እኩል ጥያቄ ልካችሁ መልሳቸውን እንዳለ አውጡ። እኛ የተመዘገብነው እንደ ንግድ ድርጅት ስለሆነ ይፈቀድልናል፣ ያም ሆኖ ጠበቃ ጠይቀናል። ሁለተኛው ጊዜ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ቀድሞ መምረጥ የሚጀመረው ከምርጫው ቀን 45 ቀን በፊት ነው። ዲሲ ደግሞ ለተመዘገበ መራጭ ሁሉ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን በፖስታ እስከ ቤቱ ድረስ ይልካል። ስለዚህ “በመጨረሻው ሳምንት እናወጣዋለን” ብትሉ አንባቢያችሁ መርጦ ጨርሷል፣ ሰውየውም መልስ የሚሰጥበት ጊዜ አያገኝም። ሜሪላንድ ውስጥ በፓርቲ ቅድመ ምርጫ የሚመርጠው በዚያ ፓርቲ የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው፣ የመመዝገቢያውን ቀን ከጽሑፉ ጎን አትሙት። ሦስተኛ፣ የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ራሳችሁ አዘጋጁ፣ ከመታተሙ በፊትም ለሰውየው ላኩለት። እኛ በዋዜማው ልከናል። ካልላካችሁት ሌላ ሰው በስልኩ ፎቶ አንስቶ እንደመሰለው ተርጉሞ ያደርስለታል።

ርዕሰ አንቀጹን ስንጽፍ የመጀመሪያውን አንቀጽ ለምስጋና ሰጠነው፤ ታክሲውን፣ የፈቃዱን ደብዳቤ፣ ሁሉንም። ጋሼ ናቸው የጻፉት፣ ከልባቸው ነው። ከዚያ ድምፅ የሰጠባቸውን ቀናት፣ ያልመለሳቸውን ጥያቄዎች፣ ሕንፃውን ዘረዘርን። ስድብም፣ “ከዳን” የሚል ቃልም አልገባበትም። የጋሼ አንቀጽ ባይኖርበት ኖሮ በኋላ የመጣውን አንችለውም ነበር።

የመጣውማ መጣ። ጋዜጣችን ድሮ አንድ ሱቅ ውስጥ ከእንጀራው መደርደሪያ አጠገብ ነበር የሚቀመጠው። ያን ሳምንት የሚያከፋፍልልን ልጅ ሊያይ ሲገባ እትሙን ከባንኮኒው ጀርባ ሽንኩርት ጆንያ ላይ አገኘው፣ የታሰረበት ገመድ እንኳን አልተፈታም። ማስታወቂያቸውን ያቋረጡ ነበሩ። ስልኩ ማታ ማታ አያርፍም። ለዓመታት ማስታወቂያ ያወጡልን አንዲት የምግብ ቤት ባለቤት “ልጄ፣ ምን ነካሽ? የበላሽበትን ወጪት ትሰብሪያለሽ?” አሉኝ። ከዚህ የከፋው ደግሞ ነገሩን ወደ ዘር የወሰደው ወሬ ነው። “የእነ እገሌ ወገን ስለሆኑ ነው”፣ “ተከፍሏቸው ነው” ተባለ። ሰውየው ፈረንጅ፣ ተፎካካሪዋ ፈረንጅ፣ ጉዳዩ የሊፍትና የኪራይ፤ ወሬው ግን መንገዱን አያጣም።

እዚህ ላይ የረዳንን ነገር ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ማንም አልነገረንም ነበር። ስልክ የሚያነሳ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ እሱም ከአዘጋጆቹ አንዱ ይሁን። የአሪዞና ሪፐብሊክ የሚባለው ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ2016 የዴሞክራት ዕጩ ለፕሬዚዳንትነት ሲደግፍ በ1890 ከተመሠረተ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር፣ የግድያ ዛቻ ሳይቀር መጥቶበታል። አሳታሚዋ በጋዜጣው ላይ በጻፈችው መልስ ያነሳቻቸው ስልክ የምትመልሰዋን ሠራተኛና ቤት ለቤት ደንበኝነት የሚሸጡ ወጣቶችን ነው። በትሩ የሚያርፈው በእነሱ ላይ ነውና። የእኛም አከፋፋይ ልጅ ሱቅ ለሱቅ ሲሰደብ ሰንብቷል። ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ከአዘጋጆች አንዱ አብሮት ይሄድ ነበር። ያን ከመጀመሪያው ቀን አድርጉት።

ፌስቡክ ላይ ማታ አትከራከሩ። ለሚሳደብ መልስ አትስጡ፣ ለሚጠይቅ ግን ስልክ ደውሉለት። የሚቃወሟችሁን ደብዳቤዎች ሳትቆርጡ አትሙ። የምግብ ቤቷን ባለቤት “ይሄን የነገሩኝን ይጻፉልን” ብዬ ለመንኳቸው። ጻፉ፣ ኃይለኛ ደብዳቤ ነው፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ከነስማቸው ሙሉውን አወጣነው። ከዚያ ወዲያ በአደባባይ ሲያዩኝ ሰላምታ መስጠት አላቆሙም። ከወራት በኋላ ማስታወቂያቸውም ተመለሰ። “ተከፍሏቸው ነው” ለሚለው ደግሞ ባለፉት ዓመታት ከማን ዘመቻ ስንት ዶላር እንደተቀበልን በሠንጠረዥ አተምን፤ የመለስነውን የፋሲካ ገንዘብም ጨምረን። ከሁሉም በላይ ወሬውን ያበረደው ያ ሠንጠረዥ ነው። የዘሩን ወሬ ግን በጽሑፍ አልመለስነውም። ካተምነው ያልሰማውም ይሰማዋል ብለን ፊት ለፊት ለጠየቁን ብቻ በቃል አስረዳን።

ሰውየው አሸነፈ። ከቀድሞው ጠበብ ባለ ልዩነት ነው፣ ግን አሸነፈ። በእኛ ጽሑፍ ስንት ሰው ሐሳቡን እንደቀየረ መናገር አልችልም፣ የሚናገር ካለም አትመኑት። ምርጫው ሳይደርስ ሊፍቱ ተሠራ። ከምርጫው በኋላ ደግሞ ከቢሮው ደውለው “የላካችሁት ጥያቄ አሁንም መልስ ትፈልጉበታላችሁ?” አሉን። እንፈልጋለን አልናቸው። መልሱ ሲመጣ ሙሉውን ተርጉመን አወጣነው፣ አንዳንዱ በደንብ አሳምኖናል። አንድ ጉዳይ ላይ ድምፅ ባልሰጠበት ቀን ሆስፒታል እንደነበር ገልጿል፣ ያንንም በፊት ገጽ ላይ አረምን።

ጓደኞቼ “ከተሸነፋችሁ ምን ጠቀማችሁ?” ይሉኛል። እኛ አልተወዳደርንም። እማማ ጠይቀውን ነበር፣ በሚያነቡት ቋንቋ በጊዜው መልስ አግኝተዋል። ማንን እንደመረጡ አልጠየቅኳቸውም።

አሁን የምንሠራው በዚህ መንገድ ነው። ድጋፍ ከሰጠን ለአንድ የሥራ ዘመን ብቻ ነው፣ ይሄም ከርዕሰ አንቀጹ ግርጌ ይጻፋል። ምን እንደምንጠብቅም ከሥሩ ይዘረዘራል። የምክር ቤቱን ድምፅ በየወሩ የሚመዘግብ ደብተር ይዘናል፣ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ናት የምትሞላው። የጥያቄዎቹን ዝርዝር በአማርኛም በእንግሊዝኛም አዘጋጅተናል። ለሚፈልግ ጋዜጣም ሆነ ሬዲዮ እንሰጣለን፣ የራሳችሁን አካባቢ ጉዳይ እየቀያየራችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። ብቻ ጥያቄውን ከምርጫው ቢያንስ አራት ወር ቀደም ብላችሁ ላኩ፣ መልስ ካልመጣም በየሳምንቱ እየደወላችሁ የደወላችሁበትን ቀን መዝግቡ።